ግራፍን ከነጭ ሳጥኑ አላቅቆ ስላይድ ላይ ማስቀመጥ (ጂጂፕሎት፣ ማትፕሎትሊብ፣ ስታታ)

ትዕግሥት_ኤምፒኤች

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ዲፌንሴ (የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት) ስለደረሰ ስላይዶቼን እያስተካከልኩ ነው። የትምህርት ክፍላችን የሚሰጠን የፓወርፖይንት ቴምፕሌት ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከላይ ወደ ታች እየፈካ ይሄዳል፤ በሌላ መቀየር አይፈቀድም። ግራፎቼን የሠራሁት በአርስቱዲዮ፣ አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ የግራፍ ፓኬጅ በሆነው በጂጂፕሎት ነው። ስላይዱ ላይ ሳስገባቸው ግን እያንዳንዳቸው ትልቅ ነጭ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ሳጥኑን ነው፤ መስመሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያው ግራፍ ቀላል ነው። ከአራት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የተወሰደ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ነው፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2000 166፣ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67። አራት ነጥብና አንድ መስመር። ሁለተኛው ከራሴ ሞዴል የወጣ ሲሆን መስመሩን ከ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (የግምቱን እርግጠኛነት ከሚያሳየው ጥላ) ጋር ያሳያል፤ ሌጀንድም (የቀለማቱ መግለጫ) አለው።

ግራፉን ፋይል አድርጎ በሚያወጣው ጂጂሴቭ ላይ ቢጂ (ጀርባ) የሚለውን ትራንስፓረንት (ግልጽ) ብዬ ሴቭ አደረግሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ፓወርፖይንት ውስጥ ‹ሴት ትራንስፓረንት ከለር› በሚለው ነጩን ጠቅ ሳደርግ ደግሞ ነጩ ይጠፋል፤ ግን የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይቀራል፣ መሐላቸውን ነጭ አድርጌ የሳልኳቸው ነጥቦችም ይቦረቦራሉ። ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው?

ቁጥር_ወዳጅ

እህት ትዕግሥት፣ ጂጂሴቭ የታዘዘውን አድርጓል። ቢጂ የሚለው የሚመለከተው ሸራውን ብቻ ነው። ጂጂፕሎት ደግሞ በዚያ ግልጽ ሸራ ላይ የራሱን ቀለም ይቀባበታል። ከሥር ‹ፕሎት ባክግራውንድ› የሚባል ነጭ ሬክታንግል አለ። ከእሱ በላይ ‹ፓነል ባክግራውንድ› (መረጃው የሚሳልበት ክፍል ጀርባ) ይመጣል፤ መደበኛው ቴም (የግራፉ አጠቃላይ የመልክ ቅንብር) ላይ ግራጫ ነው፣ ቴም ቢደብሊው ላይ ነጭ። ሌጀንድ ካለ ‹ሌጀንድ ባክግራውንድ› እና ‹ሌጀንድ ኪይ›፣ በፋሴት፣ ማለትም በንዑስ ግራፎች፣ ከፋፍለሽ ከሳልሽ ደግሞ ‹ስትሪፕ ባክግራውንድ› ይጨመራሉ። እነዚህ እስካልተነሡ ድረስ ሸራው ግልጽ ሆነ አልሆነ የምታዪው ያው ነጭ ነው።

ስለዚህ ኮድሽ መጨረሻ ላይ ቴም ጨምሪና እያንዳንዳቸውን ኤለመንት ሬክት ብለሽ ፊል ኤንኤ፣ ከለር ኤንኤ (ሙሌትም ጠርዝም የለም ማለት ነው) ስጫቸው። ከለር የሚለውን አትዝለዪው። መደበኛው ቴም ላይ ፕሎት ባክግራውንድ ነጭ ጠርዝ አለው፤ ፊሉን ብቻ ካጠፋሽ ግራፉን ዙሪያውን የሚከብ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ ላይታይሽ ይችላል፤ ፕሮጀክተር ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። ጂጂሴቭ ውስጥ ያስገባሽውም ቢጂ እንዳለ ይቆይ፤ በቆየ ስሪት ላይ ካልተጻፈ ሸራው ነጭ ሆኖ ይወጣል።

‹ሬክት የሚለውን አንዴ ግልጽ ካደረጉት ሁሉም ይከተላል› የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለሽ። ሬክት የሬክታንግሎቹ ሁሉ መነሻ ቅንብር ነው፤ ምክሩ ግን በግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ፕሎት ባክግራውንድና ሌጀንድ ባክግራውንድ ፊላቸውን ከሬክት ስለሚወርሱ ይከተላሉ። ፓነል ባክግራውንድ ግን መደበኛው ቴም ውስጥ የራሱ ግራጫ ስለተሰጠው ንቅንቅ አይልም። ዙሪያው ግልጽ ሆኖ መሐሉ ግራጫ የሆነ ግራፍ ካየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፓወርፖይንት ውስጥ የሞከርሽው መሣሪያ የሚያጠፋው አንድን ቀለም ብቻ ነው፤ ልክ ጠቅ ያደረግሽውን። ፊደል ለስላሳ ሆኖ እንዲታይ ጠርዙ ላይ በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉ ብዙ ግራጫዎች አሉት፤ እነሱ ንጹህ ነጭ ስላልሆኑ ይቀራሉ፣ ፍርፋሪ ሆነው የታዩሽ እነሱ ናቸው። ነጥቦችሽ መሐል ያለው ነጭ ደግሞ ንጹህ ነጭ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ያንን መሣሪያ ለግራፍ ባትጠቀሚበት ይሻላል።

ፓይተን_በማታ

በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለምትሠሩ፦ የግራፍ ላይብረሪው ማትፕሎትሊብ ላይ ነገሩ አጭር ነው። ሴቭፊግ ውስጥ ትራንስፓረንት ትሩ ካላችሁ የፊገሩም የአክሲሱም ጀርባ አብሮ ይነሣል። ሌላው ላይብረሪ ሲቦርንም የቆመው በማትፕሎትሊብ ላይ ስለሆነ አሠራሩ አንድ ነው።

ሌጀንዱ ግን አይነሣም። የሌጀንድ ሳጥን ፍሬም አልፋው ሳይነካ 0.8 ነው፤ ማለትም 80 በመቶ ድፍን ነጭ ሆኖ ጥቁሩ ስላይድ ላይ ይቀመጣል። ወይ ፍሬም አልፋውን 0 አድርጉት፣ ወይ ፍሬም ኦን የሚለውን ፎልስ። ፊደሉ ነጭ እንዲሆን ‹ዳርክ ባክግራውንድ› የሚለውን ስታይል ከላይ ጥሩና ከትራንስፓረንት ጋር ሴቭ አድርጉ። ያ ስታይል ጽሑፉንና የአክሲስ መስመሮቹን በሙሉ ነጭ ያደርጋቸዋል፣ ጥቁር ጀርባው ሴቭ ሲደረግ ይነሣል። እዚያም ሌጀንዱ ይቀራል፤ በዚህኛው ሳጥኑ ጥቁር ይሆናል።

ትዕግሥት_ኤምፒኤች

ወንድሜ ቁጥር_ወዳጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጩ ሳጥን ሙሉ በሙሉ ሄዷል፤ ጠርዙ ላይ የነገርከኝ ቀጭን መስመርም የለም።

አሁን ግን ግራፉ ራሱ አብሮ የጠፋ መስሏል። የመጀመሪያው ላይ መስመሩ ጥቁር ስለነበር ሰማያዊው ላይ አይለይም፣ 166 እና 67 ብዬ ነጥቦቹ አጠገብ የጻፍኳቸው ቁጥሮችም አይነበቡም። ቴም ውስጥ ቴክስት የሚለውን ነጭ ሳደርገው ርዕሱና የአክሲስ ስያሜዎቹ ነጭ ሆኑ፤ ዓመታቱና የግራው ቁጥሮች ግን ጥቁር ግራጫ ሆነው ቀሩ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ጥላ ነጭ ላይ ፈካ ያለ ግራጫ የነበረው አሁን የቆሸሸ ሰማያዊ ሆኗል።

ሣባ_ዲዛይን

ትዕግሥት፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ጀርባውን ስታነሺ ግራፉ የሚቀመጠው ስላይዱ ላይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መስመርና ፊደል ከዚያ ስላይድ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ መመረጥ አለበት። ጂጂፕሎት ሳይነካ የሚሰጥሽ ቀለሞች በሙሉ ለነጭ ወረቀት የታሰቡ ናቸው።

ዓመታቱ ያልተለወጡት ‹አክሲስ ቴክስት› የራሱ ቀለም ስላለው ነው፤ ግሬይ 30 ተብሎ ተጽፎለታል (0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ነው)። እሱንም ለይተሽ ለውጪው። ‹አክሲስ ቲክስ› እና ‹ስትሪፕ ቴክስት› ላይም እንደዚሁ። ነጥቦቹ አጠገብ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ በጂኦም ቴክስት (ግራፉ ላይ ጽሑፍ በሚጨምረው ትእዛዝ) የገቡ ከሆነ ቴሙ አይደርስባቸውም፤ ቀለማቸው እዚያው ጂኦሙ ውስጥ ይሰጥ። ንጹህ ነጭ ሳይሆን ግሬይ 90 አካባቢ ብትጠቀሚ ዓይን አይወጋም። መደበኛው ቴም ላይ የፓነል ግሪዱ ነጭ ነው፤ ግራጫው ፓነል ሲነሣ ያ ነጭ መረብ ጥቁሩ ስላይድ ላይ ከመረጃሽ በላይ ይጮኻል። ወይ አጥፊው፣ ወይ ከስላይዱ ትንሽ ብቻ የሚፈካ ሰማያዊ አድርጊው። አራት ነጥብ ላለው ግራፍ፣ ቁጥሮቹም አጠገባቸው ከተጻፉ፣ ግሪድ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጥላውን በተመለከተ፦ መስመሩን ከነጥላው የሚስለው ጂኦም ስሙዝ ሪበኑን፣ ማለትም ጥላውን፣ የሚሞላው በግሬይ 60 ነው፣ አልፋው 0.4። አልፋ ያለው ቀለም ነጠላ እንደማለት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ልብስ ያሳያል። ነጭ ላይ ስታዪው የነበረው ከግማሽ በላዩ የወረቀቱ ቀለም ነበር፤ ወረቀቱን አንሥተሽ ሰማያዊ ስታነጥፊ ሰማያዊው ይወጣል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው አልፋውን 1 አድርገሽ ከስላይዱ ፈካ ያለ ድፍን ሰማያዊ መስጠት ነው። ጀርባሽ ግን ከላይ ወደ ታች ስለሚለዋወጥ ድፍኑ አንድ ቦታ ተስማምቶ ሌላ ቦታ ሊያስቸግር ይችላል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ አልፋውን ሳታጠፊ ፊሉን ከመስመሩ ጋር አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ መስመሩ ብርቱካናማ ከሆነ ጥላውም ብርቱካናማ፣ አልፋው 0.3። ከሰማያዊ ጋር ቢቀላቀልም የማን ጥላ እንደሆነ ይታወቃል።

ብርቱካናማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማያዊ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሰምጣሉ፣ ቀይም ከሩቅ ይጨልማል። ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ፈካ ያለ የሰማይ ቀለም ይታያሉ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ሰውም ይለያቸዋል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብሊውሲኤጂ፣ ለጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደልና ለግራፍ መስመሮች ቢያንስ 3 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። ስላይድሽ ከታች ስለሚፈካ ንፅፅሩን መለካት ያለብሽ በጨለማው ላይ ሳይሆን በፈካው በታችኛው ክፍል ላይ ነው፤ የዓመታቱ ስያሜ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

መምህር_ዘጎንደር

ልጄ ትዕግሥት፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከቴክኒኩ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዲፌንስ ላይ ፈታኝ ሆኜ ብዙ ተቀምጫለሁ። ብዙዎቹ አዳራሾች መጋረጃቸው በደንብ አይዘጋም። ፕሮጀክተር ደግሞ ጥቁር ቀለም መተኮስ አይችልም፤ ጥቁር የምንለው ብርሃን ያልተላከበትን የግድግዳውን ቦታ ነው። መስኮቱ ብርሃን ካስገባ ግድግዳው ይፈካል፣ ጥቁር ሰማያዊ የተባለው ወደ ግራጫ ይጠጋል፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ንፅፅር ይወርዳል። ነጭ ጀርባ ላይ የተሳለ ጥቁር መስመር ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ ነጩ ሳጥን እንደ ጉድለት መታየቱ አልተዋጠልኝም። እኔ ፈታኝ ብሆን ነጭ ላይ ያለውን ግራፍ እመርጣለሁ።

ሣባ_ዲዛይን

ጋሼ፣ ስለ ፕሮጀክተሩ ያሉት ልክ ነው፤ ብርሃን ያለበት አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ስላይድ ይጎዳል። ቴምፕሌቱን ግን ትዕግሥት አልመረጠችውም። ጥቁሩ ስላይድ የግድ ከሆነ መሐሉ ላይ የተቀመጠው ነጭ ሳጥን ከግራፉ ውጪ ያለውን ጽሑፍ ይጎዳዋል፤ ዓይን ለነጩ ብርሃን ይስተካከልና አጠገቡ ያለው ማብራሪያ ይደበዝዛል። ነጭ ከተፈለገ ይዘቱን በሙሉ፣ ጽሑፉንም ግራፉንም፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥና ያንን በሁሉም ስላይድ በአንድ መጠን መድገም ነው የሚያዋጣው። ያኔ ተስተካክሎ የታሰበ ይመስላል።

መምህር_ዘጎንደር

ይህ ይስማማኛል። ትዕግሥት፣ ብትችዪ ግን ከቀኑ በፊት አዳራሹ ገብተሽ፣ ዲፌንስሽ በሚሆንበት ሰዓት፣ ከመጨረሻው ወንበር ሆነሽ እይው።

ቁጥር_ወዳጅ

አንዳንዶች ‹ግልጽ ከማድረግ የስላይዱን ቀለም ቁጥር ወስዶ ለፕሎት ባክግራውንድ መስጠት ይቀላል› ይላሉ። ጀርባው አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ እውነት ነው፤ አልፋ የሚባል ጣጣም የለበትም። የትዕግሥት ግን እየፈካ የሚሄድ ስለሆነ የትኛውም አንድ ቀለም አይገጥምም።

ስለ ፋይሉ ዓይነትም ልጨምር። ጄፔግ ግልጽነትን መያዝ አይችልም፤ የቱንም ያህል ቴሙን ብታስተካክዪ በጄፔግ ካወጣሽው ይሞላል። ፒኤንጂ ይይዛል፣ ኤስቪጂና ፒዲኤፍም እንዲሁ። ግራፉን ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ከላክሽው ወደ ጄፔግ ይቀየራል፣ ግልጽነቱም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኪው።

መጠኑን ከመጀመሪያው ወስኚ። የፓወርፖይንት ሰፊው ስላይድ 13.33 በ7.5 ኢንች ነው። ግራፉ 11 በ5.5 ኢንች እንዲይዝ ካሰብሽ ጂጂሴቭ ላይ ዊድዝ 11፣ ሃይት 5.5፣ ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገባው ፒክሰል) 300 በዪ፤ 3,300 በ1,650 ፒክሰል ይወጣል። በዚያው መጠን ስታስቀምጪው ግራፉ ላይ 18 ነጥብ ያልሽው ፊደል ስላይዱ ላይም 18 ነጥብ ነው። ጂጂፕሎት ሳይነካ የሚጀምረው ከ11 ነጥብ ነው፤ ለአዳራሽ አይበቃም፣ ቤዝ ሳይዙን (የፊደሉን መነሻ መጠን) 18 ወይም 20 አድርጊው። ትንሽ አውጥቶ ማዕዘኑን ይዞ መጎተት ፊደሉንም መስመሩንም ያበላሻል። ፓወርፖይንት ደግሞ ሴቭ ሲያደርግ ምስሎችን ሊጨምቅ ይችላል፤ አማራጮቹ ውስጥ ገብተሽ ምስል እንዳይጨመቅ የሚለውን ምልክት አድርጊበት።

ትዕግሥት_ኤምፒኤች

መምህር፣ ስለ ምክሩ በጣም አመሰግናለሁ፤ እንዳሉት አዳራሹን አስቀድሜ አየዋለሁ።

ሣባ፣ ብርቱካናማው ግሩም ሆኗል። ሌላ ሁለት ነገር ቀረኝ። ሪበኑ ያለበት ግራፍ ላይ መስመሩ ቅርብ ሲታይ የተሸራረፈ ደረጃ ይመስላል። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ ነው። ሁለተኛው፣ የአክሲሱን ስያሜ በአማርኛ ሳደርገው በፊደል ፋንታ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ።

ቁጥር_ወዳጅ

የመጀመሪያው የምስል ማውጫው ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ላይ የፒኤንጂው መሣሪያ ሳይነካ የዊንዶውስን የራሱን ስዕል ዘዴ ይጠቀማል፤ መስመር አያለሰልስም። ሌላም ጠባይ አለው፦ ጀርባውን ግልጽ ስታደርጊው በውስጡ በጣም ፈካ ያለ አንድ ግራጫን ‹ግልጽ› ብሎ ይመድባል። ያው ግራጫ ግራፍሽ ውስጥ ካለ እሱም ይቦረቦራል። ራግ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኚ፤ አዲሶቹ የጂጂፕሎት ስሪቶች ራግ ካገኙ ፒኤንጂ ሲያወጡ ራሳቸው ይጠቀሙበታል። እሱ ለእያንዳንዱ ፒክሰል የግልጽነት ደረጃ ስለሚሰጥ ጠርዙ ከየትኛውም ጀርባ ጋር ይዋሃዳል። ያለ ጂጂፕሎት የምትስዪው ካለ ደግሞ ፒኤንጂ በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ታይፕ ካይሮ በዪ።

ሳጥኖቹ የሚወጡት የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ራግ እዚህም ያግዛል፤ ፎንቱ ውስጥ ፊደሉ ከጎደለ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ሌላ ፈልጎ ይሞላል። ራስሽ መወሰን ከፈለግሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኚና ስሙን ቤዝ ፋሚሊ ላይ ስጪ። ሾውቴክስት በሚባለው ፓኬጅም ይቻላል፤ ፎንቱን ከጉግል ፎንትስ በቀጥታ ያመጣል። ግን የሾውቴክስትን ዲፒአይ ከጂጂሴቭ ጋር እኩል፣ 300፣ አድርጊው፤ ራሱ የሚጀምረው ከ96 ነው፣ ካላስተካከልሽው ፊደሉ በጣም አንሶ ይወጣል።

በፒዲኤፍ ማውጣት ከፈለግሽ ተራው ፒዲኤፍ አማርኛን በነጠብጣብ ይተካዋል፤ ካይሮ ፒዲኤፍ የሚለውን ተጠቀሚ።

ፓይተን_በማታ

ማትፕሎትሊብም አብሮት የሚመጣው ዴጃቩ ሳንስ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ‹ግሊፍ ሚሲንግ› የሚል ማስጠንቀቂያ የምታዩት ለዚህ ነው። ከ3.6 ስሪት ጀምሮ ፎንት ፋሚሊ ላይ ዝርዝር መስጠት ይቻላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስቀድሙ፣ ዴጃቩን አስከትሉ፤ ከአንዱ የጎደለውን ከሌላው ይወስዳል።

ስታታ_ተጠቃሚ

ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ያለን ሰዎችስ? መሥሪያ ቤታችን ሌላ አይገዛም። ግራፍ ሪጅኑንም ፕሎት ሪጅኑንም ‹ከለር ነን› (ቀለም የለም) ብያለሁ።

ቁጥር_ወዳጅ

ልክ ነህ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሌጀንዱ ውስጥ ያለውን ሪጅንም እንደዚሁ አድርገው። ከዚያ በኤስቪጂ አውጣው፣ ቢጂፊል የሚለውን አማራጭ ኦፍ ብለህ። ኤስቪጂ የመጣው ከስታታ 15 ጀምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2017፤ ቀለምን በመቶኛ ግልጽ ማድረግም ከዚያው ስሪት ጋር ነው የገባው። አዳዲሶቹ ፓወርፖይንቶች ኤስቪጂን በቀጥታ ይቀበላሉ። ጉግል ስላይድስ ግን አይቀበልም፤ እዚያ ፒኤንጂ ነው የሚሻለው።

ሣባ_ዲዛይን

ኤስቪጂ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ከወጣ ፎንቱ አብሮ አይሄድም። በእናንተ ላፕቶፕ ላይ በኖቶ የታየው ስያሜ የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎንት ይታይና ስፋቱ ተለውጦ ከመስመሩ ጋር ይጋጫል። የአማርኛ ስያሜ ካለው ወይ ፒኤንጂ አድርጉት፣ ወይ በሾውቴክስት አውጡት፤ ሾውቴክስት ፊደሉን ወደ ቅርጽ ስለሚቀይረው ፎንት አያስፈልገውም።

መምህር_ዘጎንደር

ከመጨረሳችሁ በፊት ልጠይቅ። ፈታኞች ስላይዱን በወረቀት አትሞ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ነጭ ፊደል ያለው ግልጽ ግራፍ ሲታተም ምን ይሆናል?

ሣባ_ዲዛይን

ጥሩ አነሡት ጋሼ፤ ትዕግሥት ይህን ልብ በዪ። ፓወርፖይንት በግሬይስኬል ሲያትም የስላይዱን ጀርባ ይተወዋል። የስላይዱን የራሱን ጽሑፍ ወደ ጥቁር ይመልሰዋል፤ ያንቺ ግራፍ ግን ምስል ስለሆነ ነጩ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ብርቱካናማው መስመር ብቻ፣ ያለ ዓመትና ያለ ቁጥር ይወጣል።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይኑርሽ። ቴሙን ፋንክሽን አድርጊውና የጽሑፉን ቀለም እንደ አርጉመንት ይቀበል፤ ለስላይድ ግሬይ 90፣ ለወረቀት ግሬይ 10። ጀርባው በሁለቱም ግልጽ ነው። ያው ግራፍ በአንድ ኮድ ሁለቴ ሴቭ ይደረጋል፤ የወረቀቱ ቅጂ ለቴሲሱ ዶክመንትም ይሆንሻል።

ትዕግሥት_ኤምፒኤች

ፋንክሽኑን ሠራሁት፣ ለሁለቱም ግራፎች ሁለት ሁለት ፋይል ያወጣል። የሕፃናት ሞቱን ግራፍ ግሪዱን አጥፍቼ አራቱን ቁጥሮች ብቻ ትልቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ ከ166 ወደ 67 መውረዱ ገና ስላይዱ እንደተከፈተ ይታያል። የአማርኛ ስያሜውም በራግ ያለ ችግር ወጥቷል። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

መምህር_ዘጎንደር

መልካም ሆኗል። በኤክሴል ግራፍ የሚሠሩ ተማሪዎችም አሉኝ፤ ለእነሱ ምን ልበላቸው?

ፓይተን_በማታ

መምህር፣ እሱ ይቀላል። ግራፉ ዳር ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው ‹ፎርማት ቻርት ኤሪያ› ይክፈቱ፣ ፊል ላይ ‹ኖ ፊል›፣ ቦርደር ላይ ‹ኖ ላይን›። ከዚያ መሐሉን፣ ‹ፕሎት ኤሪያ› የሚባለውን ጠቅ አድርገው ፊሉን እንደዚሁ ያጥፉት። ኮፒ አድርገው ፓወርፖይንት ላይ እንደ ምስል ሳይሆን እንደ ቻርት ይለጥፉት፤ የፊደሉን ቀለም እዚያው መቀየር ይቻላል።